ጎቢ የሚባለው ዓሣና ቆፋሪው ጓደኛው

በቀይ ባሕር ውስጥ፥ ኮራል በሚባለው የባሕር ድንጋይ ግርጌ፥ በአሸዋማው ስፍራ ጎቢ የሚባል ትንሽ ዓሣ ይኖራል። ርዝመቱ ከሰው ጣት እምብዛም አይበልጥም። ዓይኖቹ ከራሱ ላይ ከፍ ብለው ስለ ተቀመጡ ዙሪያውን አጥርቶ ያያል፤ የሚኖርበትን ጉድጓድ የሚቆፍርለት ግን ሌላ ነው።

ይኸውም ሽሪምፕ የሚባል፥ ብዙ እግርና ረጃጅም ጢም ያለው ፍጥረት ነው። ዓይኑ እጅግ ደካማ ነው። አሸዋውን ወደ ደጅ እየገፋ ቀኑን ሙሉ ሲጠርግ ይውላል፤ በወጣም ጊዜ ዕውር በመሪው ትከሻ ላይ እጁን እንደሚያኖር አንዱን ጢሙን በዓሣው ገላ ላይ ያሳርፋል። ዓሣው ጠላት ያየ እንደ ሆነ ጅራቱን ያርገበግባል፤ ሽሪምፑም ወዲያው ይገባል። አደጋው ከቀረበ ዓሣው ራሱን አስቀድሞ ይከተለዋል። ሲመሽም ሁለቱ በጉድጓዳቸው ያድራሉ። ዓሣው የሞተበት ሽሪምፕ ደጅ መውጣቱን እጅግ ይቀንሳል።

ሽሪምፑ ግን ፈሪ ብቻ አይምሰል። ትልቁን መቆንጠጫውን በድንገት ሲገጥመው በውሃው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋውም ተጨፍልቆ ሲጠፋ እንደ ጠመንጃ ይጮኻል። ድምፁ ከመቆንጠጫው መጋጨት ሳይሆን ከአረፋው እንደሚመጣ ሊቃውንት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ገልጠዋል።

እነዚህን ሁለቱን በቤቱ በመስተዋት ገንዳ ሊያኖር የሚወድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ድንጋዩ ያስብ። ድንጋዩን በአሸዋ ላይ ያኖረው እንደ ሆነ፥ ቆፋሪው ከሥሩ አሸዋውን ሲያወጣ ድንጋዩ ይወድቅና ሁለቱን ይገድላቸዋል። ስለዚህ ድንጋዩ አስቀድሞ በገንዳው ወለል ላይ ይቁም፤ አሸዋው በኋላ ይፍሰስ። ጥልቀቱም 8 ወይም 10 ሳንቲሜትር ይሁን። ደቃቅ አሸዋ ብቻውን ጣራ ሆኖ አይጸናምና የዛጎልና የኮራል ስብርባሪ ይቀላቀልበት።

የቀይ ባሕር ውሃ በ1 ሊትር 40 ግራም ያህል ጨው አለው፤ በገንዳ ግን 35 ግራም ይበቃል። ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይሄድምና ጉድለቱ ጨው በሌለበት ውሃ ይሞላል። ሁልጊዜ የጨው ውሃ የሚጨምርበት ሰው ዓሣውን በገዛ እጁ ይገድለዋል። ጎቢ ሲደነግጥ ከውሃ ይዘላልና ገንዳው በመረብ ይከደን።

በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሁለቱ ተሸሽገው ላይታዩ ይችላሉ። በዚያን ጊዜ ሞተዋል ብሎ ድንጋዩን ማንሣት አይገባም፤ ጉድጓዱ በላያቸው ይፈርሳልና።