«ተጓዥ አማካይ»፦ ስያሜውና ስሌቱ

የገበያ ዋጋን በሚመረምሩ ጽሑፎች ተደጋግሞ የሚገኝ አንድ ስሌት ወደ አማርኛ ሲመለስ ቀድሞ የሚታሰበው ስያሜ «ተንቀሳቃሽ አማካይ» ነው። ይሁን እንጂ «ተንቀሳቃሽ» በሕግ ቋንቋ ከቦታ ወደ ቦታ ሊዛወር ለሚችል ንብረት የዋለ ቃል ነው። የስሌቱ ጠባይ ግን ሌላ ነው። የአምስት ቀን ዋጋ በተራው 10፣ 13፣ 16፣ 13፣ 19 ቢሆን፣ የሦስት የሦስቱ አማካይ 13፣ 14፣ 16 ይሆናል። አዲስ ዋጋ ሲገባ አሮጌው ይወጣል፤ ክልሉ አንድ እርምጃ ይጓዛል፤ አማካዩም በደረሰበት ሁሉ እንደገና ይሰላል። ስለዚህ «ተጓዥ አማካይ» ማለት ይሻላል እንላለን።

የስያሜው ትክክለኛነት ይበልጥ የሚፈተነው ስሌቱን ለኮምፒዩተር በትእዛዝ ስንጽፍ ነው። ለዋጋ ትንተና በተዘጋጀው በፓይን ስክሪፕት ቋንቋ ተጠቃሚው የራሱን ፈንክሽን ሊደነግግ ይችላል። ይህም የዋጋዎቹን ተከታታይና የክልሉን ርዝመት ተቀብሎ ውጤቱን የሚመልስ በመሆኑ «አስረካቢ» የሚለው ቃል ይስማማዋል።

ተርጓሚው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የአቈጣጠሩ አቅጣጫ ነው። በዚህ ቋንቋ 0 የአሁኑን፣ 1 ከእርሱ በፊት ያለውን ዋጋ ያመለክታል፤ ቈጠራው ወደ ኋላ ነው። ክብደት ባለው ተጓዥ አማካይ ለአዲሱ ዋጋ 3፣ ለቀዳሚው 2፣ ለአሮጌው 1 ክብደት ቢሰጥ፣ የ16፣ 13፣ 19 ውጤት 16.5 ነው። ተርጓሚው «ለመጀመሪያው ዋጋ 3» ብሎ ቢጽፍና አንባቢው «መጀመሪያ» የሚለውን አሮጌው ነው ብሎ ቢረዳ፣ ውጤቱ 15.5 ይሆናል። እንግዲህ «የመጀመሪያው» ከማለት «የቅርቡ» ማለት ይገባል።

ሁለተኛው የርዝመቱ ፍች ነው። ርዝመቱ 20 ሲባል ሃያ የዋጋ ምዝገባዎች ማለት እንጂ ሃያ ቀን ማለት አይደለም። ምዝገባው በየሰዓቱ ከሆነ ሃያ ሰዓት፣ በየሳምንቱ ከሆነ ሃያ ሳምንት ነው። «የሃያ ቀን አማካይ» ትክክል የሚሆነው ምዝገባው ዕለታዊ ሲሆን ብቻ ነው።

ስለ ሆነም ማንኛውም ስያሜ ከመጽደቁ በፊት በትንሽ ስሌት ቢፈተን መልካም ነው። ቃሉ ለጆሮ ቢጥምም አንባቢውን ወደ ሌላ ቍጥር የሚመራው ከሆነ አቻ ሊባል አይችልም።