የቮልስ ዕድሜ እንዴት ይነበባል

ቮልስ ከሩቅ ስትታይ የየትኛውም ዘመን መኪና ናት። ክብ ጀርባዋ፣ ያበጡት ፓራፋንጎዎቿና ወደ ፊት የሚያዘቀዝቀው ኮፈኗ በ1938 በተሠራችውም ሆነ በ2003 ከፋብሪካ በወጣችው የመጨረሻዋ ላይ ያው ነው (ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጠጋ ብሎ ለሚያያት ግን ከዋና ዋና ክፍሎቿ ሳይለወጥ የቀረ የለም ማለት ይቻላል። የሌላውን መኪና ዘመን ቅርጹ ራሱ ይናገራል፤ የቮልስን ዘመን ግን ከመስታወቷ፣ ከመብራቷና ከሻንሲ ቁጥሯ ለቃቅሞ ማግኘት ያስፈልጋል። የአሮጌ መኪና ወዳጆች መንገድ ላይ ቮልስ ሲያዩ ቆም ብለው ዙሪያዋን የሚዞሩት ለዚህ ነው።

የመኪናዋ ታሪክ በሰነድ የሚጀምረው ጁን 22 ቀን 1934 ነው። በዚያ ቀን መሐንዲሱ ፈርዲናንድ ፖርሸ ተራው ሕዝብ ሊገዛው የሚችል መኪና ለመንደፍ ከጀርመን መኪና አምራቾች ማኅበር ጋር ውል ተፈራረመ። ዋጋዋ ከ1,000 ማርክ በታች እንዲሆን የፈለገው ሂትለር ነበር፤ የፋብሪካውንም የመሠረት ድንጋይ በ1938 ያኖረው እሱ ነው። መኪናዋ 990 ማርክ ተተመነላትና ሠራተኛው በሳምንት ቢያንስ 5 ማርክ እየከፈለ ቴምብር በደብተር ላይ እንዲለጥፍ ተደረገ። ከ300,000 በላይ ሰው ቆጠበ፤ ከእነዚህ ቆጣቢዎች በዚያ ሥርዓት አንዲት መኪና የተረከበ አልነበረም። ጦርነቱ መጣና ፋብሪካው በግዳጅ በተጋዙ ሠራተኞች ጉልበት ለሠራዊቱ ኩቤልቫገን የተባለውን ክፍት መኪናና ውኃ ላይ የምትዋኘውን ሽቪምቫገን ማምረት ያዘ። ንድፉም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የፖርሸ ፈጠራ አልነበረም። የቼኮዝሎቫኪያው ታትራ ኩባንያ መሐንዲስ ሃንስ ሌድቪንካ ሞተራቸው ከኋላ የሆነና በአየር የሚቀዘቅዙ መኪኖችን ቀድሞ ሠርቶ ነበር፤ በዚህ የተነሣው የባለቤትነት ክርክርም በ1960ዎቹ ቮልስዋገን 1,000,000 ማርክ ከፍሎ ተቋጨ።

በ1945 የፈራረሰው ፋብሪካ በእንግሊዝ ጦር እጅ ገባ። ኃላፊነቱን የተረከበው ሻለቃ አይቫን ሂርስት ከፍርስራሹ መካከል ማምረት እንደሚቻል ስላየ ለጦሩ የ20,000 መኪና ትእዛዝ አስገኘ። በ1948 ሥራ አስኪያጅነቱን የያዘው ሃይንሪሽ ኖርድሆፍ ደግሞ የመኪናዋን ዕጣ የወሰነ ፖሊሲ አመጣ፤ ቅርጿን ሳይነኩ ውስጧን በየዓመቱ ማሻሻል። የዘመን ንባብ ጨዋታ የተወለደው ከዚህ ውሳኔ ነው።

ንባቡ ከኋላ መስኮት ይጀምራል። እስከ ማርች 1953 የወጡት ቮልሶች የኋላ መስታወታቸው በመካከሉ በቆመ ላሜራ ለሁለት የተከፈለ ነው። ጀርመኖች ይህን ቅርጽ ብሬዝል ከሚባለው የተጠማዘዘ ዳቦ ጋር አመሳስለው መኪናዋን በዳቦው ስም ይጠሯታል። ከዚያ መካከለኛው ላሜራ ተነሣና ሞላላ አንድ መስታወት ተተካ። በኦገስት 1957 ደግሞ ሰፊው አራት ማዕዘን መስኮት መጣ፤ እሱም በኋላ ደጋግሞ ሰፋ። ብዙ ሰው የሚያስታውሳት ቮልስ ይህችኛዋ ናት። ሁለት ክፍል መስታወት ያላቸው ዛሬ እጅግ የሚፈለጉ ናቸው። የሚያስገርመው ሞላላው መስኮት አዲስ በነበረበት ጊዜ አንዳንድ ባለቤቶች መኪናቸው ያረጀች እንዳትመስል የመካከሉን ላሜራ በመጋዝ አስቆርጠው አውጥተውት ነበር። አሁን ነገሩ ተገልብጧል፤ የኋለኛው ዘመን ቮልስ ላይ የተከፈለ መስኮት በይዶ የሚሸጥ አይጠፋም። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው መስኮቱን ብቻ አያምንም።

ቀጥሎ ወደ መብራቶቹ ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ላይ የፍሬን መብራት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በመካከል ከታርጋው በላይ ከሚገኘው የታርጋ መብራት ጋር በአንድ ቤት ይቀመጥ ነበር። ከ1952 መጨረሻ አንስቶ የኋላ መብራቶቹ አናት ላይ የልብ ቅርጽ ያለው ትንሽ የፍሬን መስታወት ለጥቂት ዓመታት ታየ። ይህ ከኋላ ለሚከተል ሾፌር እምብዛም የማይታይ፣ ለወዳጆች ግን እንደ ጌጥ የሚቆጠር ነገር ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ በኋላ የመጣው ግዙፍ ክብ መብራት በጀርመን «የዝሆን እግር» የሚል ስም ወጥቶለታል። ከፊት ደግሞ የመብራቱ መስታወት እንደ ፓራፋንጎው ወደ ኋላ ዘንበል ካለ መኪናዋ በአውሮፓ ገበያ ከ1967 በፊት የተሠራች ናት፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ከዚያ ወዲህ ነው። ፍሬቻዋ በበሩ ጀርባ ካለው ምሰሶ ብቅ ብላ የምትበራ ትንሽ ክንድ ከሆነች ግን፣ ያቺ መኪና በአውሮፓ ከ1960 አታልፍም።

ውስጧም ምልክት ሞልቷል። እስከ ኦገስት 1961 ድረስ ቮልስ የነዳጅ መለኪያ አልነበራትም። ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር ሾፌሩ እየነዳ በእግሩ አንዲት ማንሻ ያዞራል፤ ያን ጊዜ የመጠባበቂያው ጥቂት ሊትር ቤንዚን ይለቀቃል። ማንሻዋን ባለፈው ጉዞ አዙሮ መመለስ የረሳ ሰው መጠባበቂያም የለውም። የ1960ዎቹ ቮልስ የፊት መስታወት ማጠቢያ ውኃን የሚገፋው የስኮርታው ጎማ አየር ነው፤ ማጠቢያው ስኮርታውን ፈጽሞ እንዳያተነፍስ አየሩ የተወሰነ መጠን ላይ ሲደርስ የሚዘጋ ቫልቭ አለው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ይቀመጣል። ክዳኑ የጠፋ እንደሆነ ከበድ ያለ ተሳፋሪ ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፎች ነክቶ ጭስ ያስነሣል፤ ብዙ የቮልስ ባለቤቶች ይህን ታሪክ እየሳቁ ያወሩታል፣ በወቅቱ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

እነዚህን ሁሉ የሚያረጋግጠው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ከኋላ ወንበር ሥር በመካከለኛው ዋሻ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓይነቱን፣ ሦስተኛው የሞዴሉን ዓመት ያሳያሉ፤ በ118 የሚጀምር ቁጥር ያላት ተራዋ የ1968 ሞዴል ቮልስ ናት። ቮልስዋገን የሞዴል ዓመቱን የሚጀምረው በኦገስት ስለሆነ የ1968 ሞዴል በ1967 ተሠርታ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ፋብሪካው ወደሚገኝበት ወደ ቮልፍስቡርግ ለሚልክ ሰው እዚያ ያለው የቮልስዋገን መኪና ሙዚየም ከፋብሪካው መዝገብ ላይ የልደት የምስክር ወረቀት ያወጣል፤ መኪናዋ የተሠራችበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሟንና የተላከችበትን አገር ይነግራል። ለብዙ ባለቤቶች የሚያስደነግጠው ቀለሙ ነው፤ ሰማያዊ ናት ብለው ያሳደጓት መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ሌላ ነበረች።

አሮጌ ቮልሶች ይህን ያህል በዝተው የቆዩት በሞተራቸው የተነሣ ነው። አራት ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ይተኛሉ፤ ራዲያተር የለም፣ ውኃ የለም፤ በቺንጋ የሚሽከረከር ፋን አየር እየነፋ ያቀዘቅዛቸዋል። ቺንጋው ሲበጠስ ዲናሞውም አብሮ ስለሚቆም በዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ ይህን መብራት ችላ ያለ ሾፌር ሞተሩን ያቃጥላል። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ብቻ በመሆኑ ልምድ ያለው መካኒክ በአጭር ጊዜ ያወርደዋል። ጉልበቱ ከጦርነቱ በኋላ ከነበረው 25 የፈረስ ጉልበት ተነሥቶ በ1,600 ሲሲው ሞተር 50 ደርሷል፤ ለዛሬ ዓይን ይህ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በ1950ዎቹ ደጋግሞ፣ በ1962ም እንደገና ለማሸነፍ አንሷት አያውቅም። ውኃ ስለሌላት በረዶ የሚሆን ነገር የላትም፤ የአውስትራሊያ የአንታርክቲካ ጉዞ ቡድን በ1963 አንዲት ቀይ ቮልስ ወደ ማውሰን ጣቢያ የወሰደው ይህን ተማምኖ ነው።

ከስንት አንዴ የሚታዩት ቮልሶች የራሳቸው ዓለም አላቸው። ሄብሙለር የተባለው አካል ሠሪ ድርጅት ከ1949 ጀምሮ ጣራዋ የሚከፈት ባለ ሁለት ወንበር ቮልስ ያመርት ነበር፤ ፋብሪካው በዚያው ዓመት ተቃጠለና 700 እንኳ ሳይሠራ ሥራው ቆመ። በርሊን የነበረው ሮሜች ደግሞ የቮልስን አካል አስረዝሞ ባለ አራት በር ታክሲ ሠርቷል። በጦርነቱ ጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዳ የመኮንኖች ቮልስ ነበረ፤ ቤንዚን ሲጠፋ በእንጨት ጋዝ እንድትሠራ የተለወጠችም አለች። የሜክሲኮ ከተማ ታክሲዎች ግን ብርቅ የሆኑት በመብዛታቸው መጨረሻ ላይ ነው። ተሳፋሪ በቀላሉ እንዲገባ የፊት ቀኝ ወንበራቸውን አውጥተው በአረንጓዴና በነጭ ቀለም ለዓመታት መንገዱን ሞልተውት ኖረው፣ በ2012 ከታክሲ ሥራ ወጡ።

ቮልስን ማየት በራሱ ጨዋታ የሆነባቸው አገሮች አሉ። በአሜሪካ ልጆች መኪና ውስጥ ሆነው ቮልስ ቀድሞ ያየ ጓደኛውን ክንዱ ላይ ይመታል፤ በብራዚል የሚያስመታው ሰማያዊዋ ናት። ብራዚል ጃንዋሪ 20ን የቮልስ ቀን አድርጋ ታከብራለች፤ የዓለም የቮልስ ቀን የሚውለው ደግሞ ፖርሸ ውሉን በፈረመበት በጁን 22 ነው። በጀርመን ሄሲሽ ኦልደንዶርፍ በምትባል ትንሽ ከተማ በየአራት ዓመቱ ገደማ የሚደረገው ስብሰባ ላይ ከመላው አውሮፓ የመጡ የቀድሞ ዘመን ቮልሶች አደባባዩን ይሞሉታል። እዚያ የሚወራው ስለ ፍጥነት አይደለም፤ የትኛው ብሎን ከየትኛው ወር እንደሆነ ነው።

በኢትዮጵያ የቮልስ ትዝታ ከሁሉ ይልቅ ከአንድ ቀን ጋር የተያያዘ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የደርግ መኮንኖች ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከሥልጣን አውርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲወስዷቸው ያሳፈሯቸው በቮልስ ነበር፤ የተወሰዱትም ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ነው። መኪናዋ ባለ ሁለት በር ስለሆነች ወደ ኋላ ወንበር የሚገባ ሰው የፊተኛው ወንበር ታጥፎለት ጎንበስ ማለት አለበት፤ ሮልስ ሮይስ ለነበራቸው ንጉሠ ነገሥት ይህ ምን ማለት እንደነበር ለማንም አልተሰወረም።

ከዚያ ወዲህ ንጉሡም ደርጉም ሲያልፉ ቮልስ ከአዲስ አበባ መንገድ አልወጣችም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው ስስ አየር ከሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ዳገቱ ላይ ማርሽ አውርዳ እያጓራች ትወጣለች እንጂ ውኃ አፍልታ መንገድ ዳር አትቆምም። በአዲስ መኪና ላይ የሚጣለው ቀረጥና ታክስ ከባድ በመሆኑም አሮጌ መኪናን ጠግኖ መያዝ ምርጫ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ሆኖ ኖሯል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ደግሞ በአገር ውስጥ ያሉትን ይበልጥ ተፈላጊ የሚያደርግ ነው።

ለረጅም ዘመን የተጠገነች ቮልስ ግን ለዘመን አንባቢ ከባድ ፈተና ናት። የ1950ዎቹ ሻንሲ ላይ የ1970ዎቹ ሞተር፣ ከሌላ መኪና የተፈታ በርና ከብራዚል ወይም ከሜክሲኮ የመጣ መብራት ተገጥሞ ሊገኝ ይችላል፤ የቮልስ ዕቃ ከዘመን ዘመን መገጣጠም መቻሉ ዕድሜዋን ያራዘመውን ያህል ታሪኳን አደባልቆታል። ወዳጆቹ በዚህ ላይ ሁለት ወገን ናቸው። አንዱ እያንዳንዱ ዕቃ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሁን ይላል፤ ሌላው መካኒኩ የገጠመውም የመኪናዋ ታሪክ አካል ነው ብሎ ይተወዋል። ሁለተኛው ወገን ሚዛን የሚደፋ ይመስላል፤ ፋብሪካውም ቢሆን ከ1938 እስከ 2003 ድረስ ሲያደርግ የኖረው ይህንኑ ነውና።

የጀርመን ምርት በ1978 ኤምደን ላይ አበቃ። ከዚያ በፊት፣ በፌብሩዋሪ 1972፣ ቮልስ በ15,007,034ኛዋ መኪና የፎርድ ሞዴል ቲን ክብረ ወሰን ሰብራ ነበር። የመጨረሻዋ፣ 21,529,464ኛዋ፣ ጁላይ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ ፑኤብላ ተገጣጠመች፤ ከዚያም ወደ ቮልፍስቡርግ ሙዚየም ተላከች።