ስለ አለቃና ሠራተኛ መነጋገር
ትእዛዝ በግልጥ እንዲወርድ፣ ወሬም ያለ ፍርሃት እንዲወጣ

እርሻ በብዙ እጅ የሚሠራ ሥራ ነው። መሬቱ ለም፣ ዘሩ የተመረጠ፣ ዝናሙም በጊዜው የዘነመ ቢሆን፣ ሥራውን የሚያዝ አለቃና ሥራውን የሚሠራ ሰው የማይግባቡ እንደ ሆነ የዓመቱ ድካም በከንቱ ይቀራል። ይህም ነገር ብዙ ሠራተኛ ለሚያሠራ ባለ እርሻ እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ ለወረዳ አስተዳዳሪና ለእርሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊም ያስፈልጋል። አለቃ የተባለ ሁሉ በገዛ ዓይኑ የሚያየው ጥቂት ነው፤ የሚበዛውን የሚያውቀው ሌላ ሰው በነገረው ቃል ነው። ማሳውን በየቀኑ የሚረግጡት ገበሬው፣ የቀን ሠራተኛውና በየቀበሌው የተመደበው የልማት ሠራተኛ ናቸው። እነዚህ ያዩትን ለመናገር የሚፈሩ ከሆነ፣ አለቃው ዓይን ሳለው እንደ ዕውር ይሆናል።

በቀድሞ ዘመን የመንግሥት ትእዛዝ ለሕዝብ የሚሰማው በአዋጅ ነበር። ሕዝቡ በገበያ ተሰብስቦ ሳለ ነጋሪት ይጐሰማል፤ አዋጅ ነጋሪውም «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እያለ ቃሉን ያሰማል። ይህ ሥርዓት ቃልን ከላይ ወደ ታች ለማውረድ እጅግ የተመቸ ነበር። ከታች ወደ ላይ ቃል ለማድረስ ግን ነጋሪት አልነበረም፤ አቤት ባይ ብዙ ቀን ደጅ መጥናት ነበረበት። ዛሬ በነጋሪት ፈንታ ደብዳቤ፣ ስልክና ስብሰባ ቢተኩም፣ በብዙ የሥራ ቦታ ያው ልማድ ይታያል። ትእዛዙ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ወሬው ግን እየተጐተተ ይወጣል። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ ትእዛዝ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ወሬ እንዴት እንደሚቀበሉት፣ የሠራተኛም ልብና ጤና በቃል እንዴት እንደሚጠበቅ ይገለጣል።

፩፤ ስለ ትእዛዝ አሰጣጥ

ምክንያቱ ያልተነገረ ትእዛዝ የሚከበረው አለቃው ዞር እስኪል ድረስ ነው። ለዚህ ደኅና ምሳሌ የሚሆነው የቡና ለቀማ ነው። ለቃሚው ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በለቀመው ኪሎ ልክ ነው። አለቃው «ቀይ ቀዩን ብቻ ልቀሙ» ብሎ ቢያዝ፣ ነገር ግን አረንጓዴውም ቀዩም በሚዛን ላይ እኩል የሚከፈል ቢሆን፣ ሠራተኛው ሁለት ትእዛዝ ሰማ ማለት ነው፤ አንዱን ከአለቃው አንደበት፣ ሁለተኛውን ከሚዛኑ። ልጆቹን የሚያበላለት ሚዛኑ ስለ ሆነ ሚዛኑን ይታዘዛል። አለቃውም ሠራተኛው እምቢተኛ ነው ብሎ ይቈጣል፤ ሠራተኛውም አለቃው በከንቱ ይጮኻል ብሎ ይታዘባል።

ያልበሰለ ፍሬ በመፈልፈያው ውስጥ ደኅና አድርጎ አይላቀቅም፤ ከበሰለው ጋር ተቀላቅሎ ሲደርቅም ጣዕሙን ያበላሻል፤ ዋጋውንም ያወርዳል። የተለቀመውም እሸት በዚያው ቀን ሳይፈለፈል ያደረ እንደ ሆነ ይግልና ይበላሻል። ይህን ሁሉ ለቃሚው በራሱ ያውቀዋል ብሎ መገመት ስሕተት ነው። የለቀማው ወራት ሲጀምር ካቦዎቹንና ለቃሚዎቹን አንድ ጊዜ ወደ መፈልፈያው ወስዶ ማሳየት፣ ቀዩን ብቻ ለይቶ ለሚያመጣም ጥቂት ጭማሪ መክፈል፣ ከወር ሙሉ ጩኸት ይልቅ ይጠቅማል። በዚህ ጊዜ የአለቃው ቃልና ሚዛኑ አንድ ነገር ይናገራሉ።

ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው አራት ነገር ሊያስታውቅ ይገባዋል፤ የሚሠራው ሥራ ምን እንደ ሆነ፣ ማን እንደሚሠራው፣ እስከ መቼ እንደሚፈጸም፣ ስለ ምን እንደሚሠራ። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል ሠራተኛው ጒድለቱን በግምት ይሞላዋል። «ማዳበሪያውን ደኅና አድርጋችሁ ጨምሩ» የሚለው ቃል ለአንዱ አንድ ጭብጥ፣ ለሌላው ሁለት ጭብጥ ነው። መጠኑን ሠራተኛው በሚያውቀው ጣሳ ወይም ስፍር ለክቶ ማሳየት ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ትእዛዙን ከሰጡ በኋላ «ገባችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። በሰው ፊት «አልገባኝም» ማለት ያሳፍራልና ሁሉም «ገብቶናል» ብለው ይመልሳሉ። ይልቁንም ከመካከላቸው አንዱን «እስቲ ነገሩን ለጓደኞችህ አስረዳቸው» ብሎ መልሶ ማናገር ይሻላል። እርሱ ሲናገር የተሳሳተው ነገር ወዲያው ይታወቃል፤ ሥራው ሳይበላሽም ይታረማል። ለመኸርና ለለቀማ ከሩቅ አገር የሚመጡ ሠራተኞችም የአለቃውን ቋንቋ ላያውቁ ይችላሉ። ለእነዚህ ከራሳቸው መካከል አስተርጓሚ መምረጥና የአስተርጓሚውን ድካም በደመወዙ ላይ ማሰብ ይገባል።

፪፤ ስለ ወሬ አቀባበል

ክፉ ወሬን በቍጣ የሚቀበል አለቃ ሁለተኛ ክፉ ወሬ አይሰማም፤ ክፉው ነገር ግን አይቀርም። ይህ እውነት በስንዴ ዋግ ታሪክ በግልጥ ይታያል። በ2002 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 2003 ዓ.ም. መኸር የቈየው ቢጫ ዋግ በኢትዮጵያ ከ400,000 ሄክታር በላይ የሆነ የስንዴ ማሳ አጠቃ። ኩብሳና ገለማ የተባሉት በብዙ ማሳ ይዘሩ የነበሩ ዘሮች ሊቋቋሙት አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ዲገሉ የተባለው ዘር ቢጫውን ዋግ ስለሚችል በአርሲና በባሌ ተስፋፋ። በ2006 ዓ.ም. ግን ዲገሉ ራሱ በግንድ ዋግ ተመታ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ትናንት የተመሰገነ ዘር ነገ ሊወድቅ መቻሉ ነው። መውደቁንም መጀመሪያ የሚያየው ማሳው ውስጥ የቆመው ሰው ነው። አንድ የልማት ሠራተኛ በስንዴው ቅጠል ላይ በመስመር የተሰለፈ ቢጫ ዱቄት አየ እንበል። ዘሩን ያከፋፈለው የገዛ አለቃው ነው፤ አለቃውም የወረዳው አዝመራ ያማረ ነው ብሎ ለበላዩ አስታውቋል። ይህ ሠራተኛ ባለፈው ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ አምጥቶ በጉባኤ ፊት ተሰድቦ እንደ ሆነ፣ አሁን ምን ያደርጋል? «ጥቂት ቀን ልየው፤ ምናልባት ይጠፋ ይሆናል» ብሎ ይቈያል። ዋጉ ግን አይቈይም። ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ያገኘ እንደ ሆነ በሁለት ሳምንት ገደማ አዲስ ዱቄት ያፈራል፤ ያንንም ነፋስ ወደ ጎረቤት ማሳና ወደ ሌላ ወረዳ ይወስደዋል። መድኃኒቱም ደኅና አድርጎ የሚጠቅመው ምልክቱ እንደ ታየ ሲረጭ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለአዝመራም ይሆናል።

የበረሃ አንበጣም እንዲሁ ነው። በ2012 ዓ.ም. በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ የአንበጣ መንጋ በኢትዮጵያ ላይ ወርዶ ነበር። አንበጣ ክንፍ ሳያወጣ ኩብኩባ ሳለ ማጥፋት ይቀላል፤ ክንፍ ካወጣ በኋላ ግን መንጋው በአንድ ቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ኩብኩባውን መጀመሪያ የሚያየው እረኛው ነው። ስለዚህ የእረኛን ቃል የሚንቅ ሹም ብዙ ቀን ያባክናል።

እንግዲህ ክፉ ወሬ ሲመጣ አለቃ እንዲህ ቢያደርግ ይጠቅመዋል። አስቀድሞ ወሬውን ያመጣውን ሰው ያመስግን። ቀጥሎ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል ብሎ ይጠይቅ። ከዚያ በኋላ የሚደረገውን ያድርግ፤ ያደረገውንም መልሶ ለነጋሪው ያስታውቀው። የነገረው ነገር የት እንደ ደረሰ ያልሰማ ሰው ሁለተኛ ለመናገር ይሰንፋልና። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ መመርመር ቢያስፈልግም፣ ምርመራው በሽታው ከተያዘ በኋላ ይሁን። አውቆ የደበቀ ይቀጣ፤ የነገረ ግን ስለ መንገሩ አይቀጣ። ደግሞም ከአንድ ቀበሌ ወር በወር «ሁሉም ደኅና ነው» የሚል ወሬ ብቻ የሚመጣ እንደ ሆነ፣ አለቃው በዚህ ደስ ከመሰኘት ይልቅ ተነሥቶ ሄዶ ማየት ይገባዋል።

፫፤ ስለ ተግሣጽና ስለ አክብሮት

በመጽሐፈ ሩት የሚነገረው ቦዔዝ ባለ ብዙ እርሻ ነበር። ከቤተ ልሔም ወደ ማሳው በመጣ ጊዜ በመጀመሪያ አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላም አላቸው፤ እነርሱም መረቁት። ከዚያ በኋላ ስለማያውቃት ቃርሚያ ለቃሚ ሴት የአጫጆቹን አለቃ ጠየቀ፤ ማንም እንዳይነካት ጐልማሶቹን አዘዘ፤ ሲጠማትም ከየት እንደምትጠጣ ነገራት፤ በምሳ ጊዜም ቀርባ ከአጫጆቹ አጠገብ እንድትበላ ጠራት። ሰላምታ፣ ጥያቄ፣ ግልጥ ትእዛዝና አብሮ መብላት በአንድ ቀን የተፈጸሙ ናቸው፤ አንዱም ወጪ የሚያበዛ አይደለም። የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም ግን ሕዝቡ ቀንበራችንን አቅልልልን ብሎ ሲለምነው የሽማግሌዎችን ምክር ትቶ በክፉ ቃል መለሰ፤ ስለዚህም ዐሥሩ ነገድ ከእርሱ ተለዩ።

ይህ በአገር ልማድም የታወቀ ነው። ደቦ የጠራ ሰው ከሁሉ ቀድሞ ማጭዱን ይይዛል፤ እህልና ጠላ ያቀርባል፤ የመጡትንም በስማቸው እየጠራ ያበረታታል። ለደቦ የመጣውን ሰው የሚሰድብ የለም፤ ቢሰደብ ጥሎ እንደሚሄድ ይታወቃልና። በደመወዝ የሚሠራውም ያው ሰው ነው። ልዩነቱ ሲሰደብ ሰውነቱ በሥራው ቦታ መቅረቱ ነው፤ ልቡ ግን ይሄዳል።

ስለዚህ ተግሣጽ ለብቻ፣ ምስጋና በጉባኤ ቢሆን ይሻላል። ሲገሥጹም የተበላሸውን ሥራ ለይቶ መናገር እንጂ ሰውየውን፣ ወገኑን፣ ትውልዱን ማንሣት አይገባም። በዕድሜ የገፋውን ሠራተኛ «አንተ» ከማለት «እርስዎ» ወይም «አንቱ» ማለት ለአለቃ ክብሩን አያጐድልበትም።

፬፤ ስለ ሠራተኛ ጤናና ዕረፍት

ያልተነገረ ቃል ሰውን የሚጐዳበት ጊዜ አለ። የተባይና የዋግ መድኃኒት መርዝ ነው። በዕቃው ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ ሠራተኛው በማያነበው ቋንቋ ነው። አለቃው በቃሉ ካልነገረው፣ ሠራተኛው በነፋስ ፊት ቆሞ ይረጫል፤ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ይቈርሳል፤ ባዶውንም ዕቃ ለውሃ መቅጃ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ስለዚህ ርጭት ሳይጀመር አፍና አፍንጫን መሸፈንን፣ ጓንት ማድረግን፣ ከነፋስ ጋር መሄድን፣ በሳሙና መታጠብን፣ ወደ ተረጨው ማሳ በስንተኛው ቀን መግባት እንደሚቻል፣ ባዶውም ዕቃ ለምግብና ለውሃ እንደማይሆን አንድ በአንድ መንገር ግዴታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011ም አሠሪው የሥራውን አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስታውቅ ያዛል፤ መደበኛውም የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል።

በቈላ አገር የወባ ወራት ከመኸር ጋር ይገጥማል። ትኵሳት የያዘው የቀን ሠራተኛ የዕለት ደመወዙ እንዳይቀርበት ሲፈራ በሽታውን ደብቆ ይሠራል፤ የሚታወቀውም ሲወድቅ ነው። ስለዚህ ሰው የታመመ እንደ ሆነ ለማን እንደሚናገር፣ ወደ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚሄድ፣ ደመወዙም እንዴት እንደሚሆን ሥራው ሲጀመር አስቀድሞ ይነገር። የደመወዝ ቀን እንዲሁ የታወቀ ይሁን። የሚዘገይ ከሆነም ቀኑ ሳይደርስ ምክንያቱንና አዲሱን ቀን መንገር ይገባል። ሠራተኛ መዘግየቱን ይታገሣል፤ መታለሉን ግን አይረሳም።

፭፤ በየሳምንቱ ሊደረግ የሚገባው

ይህ ሁሉ ሥራ ላይ እንዲውል ሰፊ ድርጅት አያስፈልገውም። በየማለዳው ሥራ ሳይጀመር ጥቂት ጊዜ ቆሞ የቀኑን ሥራ መንገርና ትናንት ያስቸገረውን መጠየቅ፤ በሳምንት አንድ ቀን አለቃው ራሱ ያለ ካቦና ያለ ጸሓፊ ማሳ ለማሳ እየዞረ መስማት፤ የሰማውንም በደብተር ጽፎ በሚቀጥለው ሳምንት ለእያንዳንዱ መልስ መስጠት ይበቃል። ሊደረግ የማይችለውን «አይሆንም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ብሎ በግልጥ መመለስ፣ «ይታያል» እያሉ ከማቈየት ይሻላል። ሴቶች ሠራተኞች በወንዶች መካከል ቆመው ላይናገሩ ስለሚችሉ፣ ከእነርሱ መካከል የታመነች አንዲት ሴት ቃላቸውን እንድታደርስ ይደረግ።

የወረዳ አስተዳዳሪም ይህንኑ ሥርዓት ከበታቹ ካሉት የልማት ሠራተኞች ጋር ቢጠብቅ፣ የልማት ሠራተኛው ደግሞ ከገበሬው ጋር ይጠብቀዋል። አለቃው የሰማው ሰው ሌላውን መስማት ይማራልና። መጪው የስንዴ ወራት ሳይደርስም እያንዳንዱ ኃላፊ በዋግ ወይም በተባይ ጊዜ ወሬው ከማሳው ተነሥቶ ወደ እርሱ ዘንድ ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅና በማን እጅ እንደሚዘገይ መርምሮ ቢያቃና፣ ለአዝመራውም ለሠራተኛውም ጥቅም ይሆናል።