ጽሑፍዎን ሲጠብቁ ጤናዎንም ይጠብቃሉ

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ቤተሰቡ ተኝቷል፤ እርስዎ ግን ኮምፒውተርዎ ፊት እንደተቀመጡ ነዎት። ጠዋት የሚያስረክቡት የማስታወቂያ ስክሪፕት አለ። ከነገ ወዲያ የሚጠበቅ ትርጉም አለ። ባለፈው ሳምንት ጨርሰው የሰጡት ጽሑፍ ደግሞ «ትንሽ ይስተካከል» ተብሎ ለአራተኛ ጊዜ ተመልሷል። ቀን መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሥራው ሁሉ ወደ ሌሊት ተገፍቷል። አንገትዎ ደርቋል፣ ዓይንዎ ያቃጥላል፣ የቀኝ እጅዎ ጣቶች ደንዝዘዋል። ያለፈው ወር ሥራ ክፍያም ገና አልገባም።

ይህ ምሽት እንግዳ ካልሆነብዎት የዛሬው ጽሑፋችን እርስዎን ይመለከታል። ዛሬ የምናወጋው በአንድ መሥሪያ ቤት ሳይቀጠሩ በግላቸው ስለሚጽፉ፣ ስለሚተረጉሙና አርትኦት ስለሚሠሩ፣ በተለምዶ ፍሪላንሰር ስለምንላቸው ሰዎች ጤና ነው። ስለ እጅና ስለ ዓይን እናነሳለን፤ ስለ ውልና ስለ ቅጂ መብትም እናነሳለን። በጤና ዓምድ ላይ ውል ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ሐኪም ለደነዘዘው እጅዎ ሕክምና ይሰጥዎታል። አንዱን ጽሑፍ አራት ጊዜ ያስጻፈዎትን ያልተጻፈ ስምምነት ግን ሊያክምልዎ አይችልም። መንስኤው ካልተነካ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል።

ከልካይ የሌለው የሥራ ሰዓት

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአንድ ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ተቀጣሪ የዓመት ዕረፍትና የሕመም ፈቃድም አለው። በግልዎ የሚጽፉት እርስዎ ግን «በቃ፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ» የሚልዎት አለቃ የለዎትም። ቤትዎም ቢሮዎ ነው። ሲታመሙ ገቢው አብሮ ይተኛል።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ይፋ ያደረጉት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎችን ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር አነጻጽሯል። ረጅም ሰዓት በሚሠሩት ላይ በስትሮክ የመያዝ ስጋት በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር መጥበብ ሕመም የመሞት ስጋት ደግሞ በ17 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ማለት አንድ የተጨናነቀ ሳምንት ለስትሮክ ይዳርጋል ማለት አይደለም። ጉዳቱ የሚጠራቀመው በዓመታት ውስጥ ነው። የማያባራ ውጥረት የደም ግፊትን ይጨምራል፤ ጊዜ ያጣ ሰው ደግሞ እንቅልፉን ይቀንሳል፣ እንቅስቃሴ ይተዋል፣ ያገኘውን በልቶ ያድራል።

ከዚህ ሌላ የሥራ መሰላቸት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሁኔታ እንደ በሽታ ሳይሆን በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ውጥረት የሚመጣ ክስተት አድርጎ ይመድበዋል፤ ሦስት ምልክቶችንም ይጠቅሳል። ኃይል ተሟጦ ማለቅ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ እንዲሁም እንደ ቀድሞው ውጤታማ አለመሆን ናቸው። ትናንት በሁለት ሰዓት የሚጽፉትን ዛሬ በአምስት ሰዓት መጨረስ ካቃተዎት ራስዎን «ሰነፍኩ» ብለው አይውቀሱ። ምናልባት ደክመው ይሆናል።

ሰውነትዎ ሲናገር ይስሙት

በመጀመሪያ እጅዎን እንመልከት። በእጅ አንጓ ውስጥ በጠባብ መተላለፊያ የሚያልፍ ነርቭ አለ። ይህ ነርቭ ሲጨፈለቅ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሐል ጣት ይደነዝዛሉ፤ በተለይ ሌሊት ከእንቅልፍ ያባንናል። የእጅ አንጓን አጥፎ ለረጅም ሰዓት መጻፍ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል። ስለዚህ ሲጽፉ አንጓዎ ቀጥ ያለ፣ ክርንዎ ወደ ጎንዎ የተጠጋ ይሁን። አልጋ ላይ ተጋድመው ወይም ላፕቶፑን ጭንዎ ላይ አድርገው አይጻፉ። ጥቂት ወፍራም መጻሕፍት ደርበው ላፕቶፑን ቢያስቀምጡበትና የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንዎ ትይዩ ቢሆን አንገትዎ ያርፋል። በዚህ ጊዜ ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድ ያስፈልግዎታል።

ሁለተኛው ዓይን ነው። ስክሪን ስንመለከት ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው ባነሰ ቁጥር ነው። በዚህ የተነሳ ዓይን ይደርቃል፣ ያቃጥላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በየ20 ደቂቃው ቀና ብለው ስድስት ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኝ ነገር ለ20 ሰከንድ ይመልከቱ። በመስኮት በኩል የጎረቤት ጣሪያ ቢሆንም ይበቃል። በየሰዓቱ ደግሞ ይነሱና ይንቀሳቀሱ። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመከራል፤ በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ይህን ይሞላል።

ሦስተኛው እንቅልፍ ነው። አብዛኛው አዋቂ ቢያንስ ሰባት ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። ብዙ ጸሐፊዎች ሌሊቱን የሚገፉት በቡና፣ አንዳንዶችም በጫት ነው። ከጠጡት ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ምሽት 12 ሰዓት ላይ የጠጡት ቡና ግማሹ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይም አብሮዎት አለ ማለት ነው። ጫት ደግሞ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍንም ይነሳል። በምርቃና የተጻፈ ገጽ ጠዋት ሲያነቡት እንደገና መጻፍ የሚፈልግ ከሆነ ትርፉ ምንድን ነው?

አቅምዎን በሰዓት ይለኩ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላል የአገራችን ሰው። ችግሩ ብዙዎቻችን ስንት ዛፍ ላይ እንደወጣን እንኳ አለመቁጠራችን ነው። እስቲ ለሦስት ሳምንት ያህል እያንዳንዱ ሥራ ስንት ሰዓት እንደወሰደብዎት በደብተር ይመዝግቡ። መጻፉን ብቻ ሳይሆን መረጃ ማሰባሰቡን፣ ቃለ መጠይቁን፣ የታክሲ ወረፋውን፣ እርማቱንና ክፍያ ለማስፈጸም መመላለሱንም ይጨምሩ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሳምንት 48 ሰዓት ቢሠሩና ስልኩ፣ ጉዞውና ሥራ ማፈላለጉ ሲቀነስ ለጽሑፍ 30 ሰዓት ቢተርፍዎት፣ ከዚህ ላይ ስድስቱን ለመብራት መጥፋት፣ ለለቅሶና ላልታሰበ እርማት ያስቀምጡ። 24 ሰዓት ይቀርዎታል። አንድ የ1 ሺህ 500 ቃል ጽሑፍ መረጃ ለመሰብሰብ ሦስት፣ ለመጻፍ አራት፣ ለማረም አንድ፣ በድምሩ ስምንት ሰዓት የሚወስድብዎት ከሆነ በሳምንት የሚችሉት ሦስት ነው። አራተኛውን ሲቀበሉ የሚከፍሉት ከእንቅልፍዎ ነው።

እዚህ ላይ ትልቁ ባላጋራ ይሉኝታ ነው። «ይቺን ብቻ ጻፍልኝ፣ ለአንተ እኮ አምስት ደቂቃ ናት» የማይባል ጸሐፊ የለም። «እምቢ ካልኩ ሁለተኛ አይጠሩኝም» የሚል ስጋትም አለ። ሆኖም እሺ ብሎ ከማዘግየት አስቀድሞ ቀን ማስረዘም ያስከብራል። «ሥራውን ደስ ብሎኝ እሠራዋለሁ፤ በእጄ ያለውን ስጨርስ ለመጪው ረቡዕ አደርሳለሁ» ማለት እምቢታ አይደለም። የጎረቤት የቀብር ዕለት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንዲጽፉ ሲለመኑ በሰዓት እንዲያስከፍሉ አንመክርዎትም። ያ ማኅበራዊ ግዴታ ነው። ግን እሱም ሰዓት እንደሚወስድ አውቀው ከሌላው ሥራ ይቀንሱለት።

በቃል ያለ ይረሳል

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን አባባል ከማንም በላይ ማወቅ ያለበት ጸሐፊ ነበር። የሰው ቃል ሲጽፍ የሚውል ሰው የራሱን ስምምነት በስልክ ጨርሶ ይገባል። ያ አራተኛው «ትንሽ ይስተካከል» የመጣው ከዚህ ነው። ስንት ጊዜ እንደሚታረም አስቀድሞ ስላልተነገረ አሠሪውም መብቱ ይመስለዋል፣ እርስዎም ለመከራከር የሚይዙት የለዎትም።

አንድ ገጽ ስምምነት ይበቃል። የሚከተሉት ይኑሩበት፤

1. ሥራው ምን እንደሆነና ርዝመቱ ስንት ቃል ወይም ገጽ እንደሆነ፤
2. የማስረከቢያው ቀን፤ አሠሪው መረጃ ሲያዘገይ ቀኑ አብሮ እንደሚራዘም፤
3. በዋጋው ውስጥ ስንት ዙር እርማት እንደተካተተ፣ ለምሳሌ ሁለት፤ ከዚያ በላይ ስንት እንደሚያስከፍል፤
4. ጠቅላላ ክፍያው፣ በቅድሚያ የሚከፈለው መጠንና ቀሪው የሚከፈልበት ቀን፤
5. ሥራው በመሐል ቢቋረጥ ለተሠራው ምን እንደሚከፈል፤
6. ጽሑፉ በማን ስም እንደሚወጣና የቅጂ መብቱ የማን እንደሚሆን።

ውል መፈራረም የሚከብድበት ሥራ ከሆነ የተነጋገሩትን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ጽፈው «እንደተስማማነው» ብለው ይላኩና «እሺ» የሚለውን መልስ ያስቀምጡ። የፊርማ ያህል ባይሆንም ከባዶ ቃል ይሻላል።

በተለይ ስድስተኛውን ነጥብ አይዝለሉት። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥ የሆነ ጽሑፍ ከተፈጠረና በግዙፍ መልክ ከተቀመጠበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ ያገኛል፤ ለዚህ ምዝገባ ግዴታ አይደለም። የኢኮኖሚ መብቱ በደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመታት ይቆያል። ይሁን እንጂ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ጽሑፉን የጻፉት በሌላ ሰው ትእዛዝና በአገልግሎት ውል ከሆነ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር የመብቱ ባለቤት የሚሆነው ያሠራዎት ወገን ነው። ስለዚህ የተረጎሙትን መጽሐፍ ወይም የጻፉትን ድራማ ወደፊት ሊጠቀሙበት ከፈለጉ አስቀድመው በጽሑፍ ማስፈር ይገባዎታል። የኢኮኖሚ መብቱ የሌላ ቢሆን እንኳ የሥራው አመንጪ መሆንዎ እንዲታወቅልዎ የመጠየቅና ክብርዎን በሚነካ መልኩ እንዳይዛባ የመቃወም መብት አለዎት።

አዋጁ የሚጠብቀው ሐሳብን ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጸበትን ጽሑፍ መሆኑንም ልብ ይበሉ። በስብሰባ ላይ በቃል ያወጉት የድራማ ሐሳብ በሌላ ሰው ሲሠራ ቢያዩ መከራከር ይከብድዎታል። ሐሳብዎን ከማቅረብዎ በፊት በጽሑፍ አስፍረው ቀን ባለው ኢሜይል ይላኩ። ሥራዎን ለማስመዝገብ ወይም ምክር ለማግኘት ወደ ኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን መሄድ ይችላሉ።

ጽሑፍዎን ከሌባ ብቻ ሳይሆን ከመብራትና ከቫይረስም ይጠብቁ። በኮምፒውተሩ፣ በፍላሽና በኢሜይልዎ ሦስት ቦታ ቅጂ ይኑርዎት። የጠፋ ሃያ ገጽ እንደገና የሚጻፈው ሌሊት ነው።

መቼ ወደ ሐኪም ልሂድ?

የጣት መደንዘዝ ከጥቂት ሳምንት በላይ ከቆየ ወይም ዕቃ ከእጅዎ ማምለጥ ከጀመረ፣ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካልተውዎት ይታዩ። የደም ግፊትዎን ምንም ሳያምዎትም ይለኩ፤ ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት አይሰጥም። እንቅልፍ ማጣት፣ ተስፋ መቁረጥና ምንም ነገር አለማስደሰት ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን አይቁጠሩ፤ ለሚቀርብዎ ሰው ተናግረው ዕለቱን ወደ ሕክምና ይሂዱ። ድንገት አንድ ጎን መዛል፣ የፊት መጣመም፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የደረት ሕመም ሲከሰትም አንድ ደቂቃ ሳያባክኑ ወደ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

ቀጣሪ ስለሌለዎት የሕክምና ወጪዎን የሚጋራዎት አይኖርም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የተዘጋጀው በመደበኛ ቅጥር ላይ ላልሆኑ ቤተሰቦች ስለሆነ የአባልነት ምዝገባው መቼ እንደሚካሄድ በወረዳዎ ይጠይቁ። ከእያንዳንዱ ክፍያም ትንሽ ቀንሰው ለሕመም ቀን ያስቀምጡ። ይህ የእርስዎ የሕመም ፈቃድ ነው።

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው ምክር ለጸሐፊም ይሠራል። ከዛሬው ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስዱ ከሆነ ይህን ይውሰዱ፤ ቀጣዩን ሥራ «እሺ» ከማለትዎ በፊት ስንት ዙር እርማት እንደሚያካትት ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያስቀምጡ። ያን ቀን ማታ ኮምፒውተርዎን ዘግተው በጊዜ ይተኙ።

መልካም ጤንነት!