የሂዩስተን ቤት አልባዎችና የጋራው መዝገብ

ገዢና ሻጭ ካልተገናኙ ገበያ አይቆምም። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት በምትገኘው ሂዩስተን ችግሩ ይኸው ነበር። ጎዳና የሚያድር ሰው አለ፤ የሚከራይ አፓርትመንት አለ፤ የመንግሥት ድጎማም አለ። ሦስቱን የሚያገናኝ ግን አልነበረም። ቤት ፈላጊው ከድርጅት ወደ ድርጅት ሲመላለስ በየደጃፉ ታሪኩን እንደ አዲስ ይናገር ነበር።

በ2012 (እ.ኤ.አ.) ከተማዋ፣ የሃሪስ ካውንቲ አስተዳደርና በርካታ የዕርዳታ ድርጅቶች በአንድ ዕቅድ ሥር ተሰለፉ። ከዚያም አንድ የኮምፒዩተር መዝገብ ለቤት ድልድሉ መሠረት ሆነ። አመልካቹ አንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ የችግሩ ክብደት ይመዘናል፤ ቤት ሲገኝም ቅድሚያ የሚሰጠው ቀድሞ ለመጣው ሳይሆን ለባሰበት ነው። ጥቃት ሸሽተው የመጡትን የሚያስጠልሉ ድርጅቶች ግን ለደኅንነት ሲባል መረጃቸውን ለብቻ እንዲይዙ ሕግ ያዛል።

ውጤቱም ታይቷል። በአሥር ዓመት ውስጥ ከ25,000 በላይ ሰዎች ቤት ገብተዋል። የቤት አልባዎቹ ቁጥር ከ2011 ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በላይ ወርዷል።

ይሁንና መዝገብ ብቻውን ጣሪያ አይሆንም። የከተማዋ ኪራይ ከኒውዮርክና ከሳንፍራንሲስኮ ርካሽ መሆኑ ለዕቅዱ በጅቷል። ከ2020 ወዲህ በኮሮና ምክንያት የተለቀቀው የፌዴራል ገንዘብም ብዙ ኪራይ ሸፍኗል። ያ ገንዘብ ግን ለጊዜው የተመደበ ነበር። ተረኛው በመዝገቡ ቢታወቅም ኪራዩን የሚከፍል ከሌለ ተራው ጎዳና ላይ ያልፋል።