ስኖርክል የተገጠመለት መኪናም ወንዝ መፍራት አለበት

በከፋ ዞን ክረምቱ ሲከብድ፣ ከአስፋልቱ መንገድ ርቀው የሚገኙ ቀበሌዎችን ከወረዳ ከተማ ጋር የሚያገናኛቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ መኪና ነው። የከብት ክትባት ይዞ የሚመጣው፣ የእርሻ ባለሙያውን የሚያደርሰው፣ ምጥ የጠናባትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ቦንጋ ወደሚገኘው ሆስፒታል የሚወስደው ይኸው አራቱም ጎማው የሚጎትት መኪና ነው። ሞተሩ በአንድ የተሳሳተ የወንዝ መሻገር ቢሰበር ጉዳቱ በአሽከርካሪው ላይ ብቻ አይቀርም፤ አገልግሎቱን ለሚጠብቀው ሕዝብ ሁሉ ይተርፋል። ስለዚህም ውኃ ወደ ሞተር እንዳይገባ መከላከል ለመካኒክና ለአሽከርካሪ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። የወንዙን ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቁት የገበሬ ማኅበር መሪዎችም ድርሻ አላቸው።

ቦንጋና አካባቢዋ በዓመት በአማካይ ከ1,500 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ያገኛሉ። ወደ ጎጀብ የሚፈስሱ ገባር ወንዞች ጠዋት ጉልበት ሳይደርሱ ይታያሉ፤ ራስጌያቸው ላይ ሲዘንብ ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወገብ ሊደርሱ ይችላሉ።

ግማሽ ሲኒ ውኃ የሚያደርሰው ጥፋት

ሞተር የሚሠራው አየር እየሳበ ነው። 4.2 ሊትር የሆነ የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲሽከረከር 4,000 ሊትር ያህል አየር ይስባል። የአየር መግቢያው አፍ ውኃ ውስጥ ከጠለቀ ሞተሩ በዚያው ኃይል ውኃውን ይጠጣል።

ፒስተኑ የሳበውን አየር አፍኖ ከ20 እጥፍ በላይ ያሳንሰዋል። ውኃ ግን እንደ አየር አይታመቅም። በፒስተኑና በቴስታታው መካከል የሚቀረው ክፍተት ከግማሽ የቡና ሲኒ የማይበልጥ በመሆኑ፣ ያን ያህል ውኃ ከገባ ፒስተኑ ድንጋይ እንደመታ ያህል ይቆማል። ከታች የሚገፋው ኃይል ግን ስለማይቆም ቢዬላው ይጣመማል ወይም ይሰበራል፤ ሲብስም የሞተሩ አካል ይቀደዳል። ይህን ለመጠገን የሚጠይቀው ገንዘብና ጊዜ ከባድ ነው።

አፉ ከፍ ቢልም መገጣጠሚያው

ስኖርክል ማለት በመኪናው ጎን ወደ ጣሪያው ከፍ ብሎ የሚቆም የአየር መሳቢያ ቱቦ ነው። ስሙ የመጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ከውኃ በታች ሆነው አየር ይስቡበት ከነበረው ቱቦ ነው። በበጋም ጎማ ከሚያስነሣው አቧራ ከፍ ብሎ ንጹሕ አየር ስለሚስብ ጥቅም አለው።

ይሁን እንጂ ከፍ ያለው አፉ ብቻ ነው። ከአፉ እስከ ሞተሩ ያለው መስመር በኮፈኑ ሥር ያልፋል፤ በዚያ መስመር ላይ ያለ አንድ ቀዳዳ ስኖርክሉን ከንቱ ያደርገዋል። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ የሚከተሉት መመርመር አለባቸው።

አንደኛ፣ ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበት ቦታ በሚገባ መታሸጉና ፋሸታዎቹ መጥበቃቸው፤ ሁለተኛ፣ የጎማው ቱቦ አለመሰንጠቁ፤ ሦስተኛ፣ የአየር ፊልትሮው ቤት ክዳን ጎሚኒ አለማርጀቱና መቆለፊያዎቹ በሙሉ መያዛቸው፤ አራተኛ፣ በፊልትሮው ቤት ሥር ያለው የውኃ ማስወጫ ጎሚኒ አለመቀደዱ ነው። ይህ ማስወጫ የገባ ዝናብ እንዲወጣ የተሠራ ቢሆንም፣ ከተቀደደ የወንዝ ውኃ ወደ ውስጥ የሚገባበት በር ይሆናል።

መታሸጉን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ሳለ የስኖርክሉ አፍ በጠፍጣፋ እንጨት ይደፈናል። አየር ያጣው ሞተር አፍኖት መጥፋት ይገባዋል። ምንም ሳይሰማው መሥራቱን ከቀጠለ ከሌላ ቦታ አየር እየሳበ ነው ማለት ነው፤ አየር በገባበት ውኃም ይገባል።

የስኖርክሉን ራስ በተመለከተም፣ የዝናብ ውኃ የሚወርድባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች በጭቃ ወይም በቅጠል እንዳይደፈኑ መጠረግ አለባቸው። መኪና ሲታጠብም ግፊት ያለው ውኃ ወደ ራሱ መርጨት አይገባም።

ወንዙ ዳር ሲደረስ

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ስኖርክል ያለአግባብ ድፍረት ይሰጣል። የስኖርክሉ አፍ ከሰው ቁመት በላይ ቢሆንም፣ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ ከባድ መኪናን ከነተሳፋሪው ገፍቶ ሊወስድ ይችላል። ስኖርክል ሞተሩን ከመታፈን ይጠብቃል እንጂ መኪናውን ከጎርፍ አያድንም።

ውኃው ደፍርሶ ግንድና ቅጠል እየነዳ ከሆነ መጠበቅ ነው። ጸጥ ያለ ከሆነ ግን መሻገሪያውን የሚያውቅ ሰው በዱላ እየለካ አስቀድሞ ይሻገር። መሻገር የሚቻል ሆኖ ሲገኝ አሽከርካሪው በከባድ ማርሽ፣ ሳይቸኩልና ሳይቆም፣ መሐል ላይ ማርሽ ሳይቀይር ያልፋል። በፍጥነት መግባት ውኃውን ኮፈኑ ላይ ከማውጣት በቀር ጥቅም የለውም። ከተሻገረ በኋላ ፍሬኑን ይሞክራል። የዲፈረንሻሉና የካምቢዮው ዘይት ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውኃ ስለገባበት መለወጥ አለበት።

ሞተሩ ውኃ ውስጥ ቢጠፋ

ሞተሩ መሐል ወንዝ ላይ ቢጠፋ ዳግም ማስነሣት ክልክል ነው። በድንጋጤ ሞተሪኖ ሲመታም ሞተሩ ሊሰበር ይችላል። ማርሽ አስገብቶ በመግፋት ለማስነሣት መሞከርም ያው ጥፋት ነው። አስቀድሞ ሰዎቹ ይውጡ፤ ከዚያም መኪናው ከማርሽ ነፃ ሆኖ በገመድ ይጎተት።

ከወጣ በኋላ የፊልትሮው ቤት ይከፈታል። ፊልትሮው ረጥቦ ከተገኘ መካኒክ እስኪመጣ ሞተሩ አይነካም። መካኒኩ የናፍጣ ሞተር ከሆነ ኖዝሎቹን፣ የቤንዚን ከሆነ ካንዴላዎቹን ፈትቶ ውኃውን ካስወጣና ዘይቱን ከለወጠ በኋላ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ይድናል።

የመሪዎች ድርሻ

ለዚህ ሥራ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በየመሻገሪያው ዳር በ20፣ በ40 እና በ60 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት ያለበት፣ የ60ው ቀይ የተቀባ ጠንካራ ችካል መትከል ይቻላል። ጠጠር ያለበትን መሻገሪያ መርጦ ግንድና ትልልቅ ድንጋይ ማንሣት፣ ጠንካራ ገመድ በሚታወቅ ቤት ማስቀመጥ፣ ወንዙ ሲሞላ ወደ ወረዳው ቀድሞ በስልክ ማስታወቅ የማኅበሩ አባላት በአንድ ቀን የሚያደራጁት ጉዳይ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን መኪናው ወደ ሕመምተኛዋ መድረስ ካልቻለ፣ ሕመምተኛዋ ወደ መኪናው የምትደርስበት መንገድ አስቀድሞ ይታሰብ። በእግር ድልድዩ በቃሬዛ የሚያሻግሩ ጎልማሶች በተራ ተመድበው፣ አምቡላንሱ በወዲያኛው ዳር እንዲጠብቅ ቢደረግ እናቲቱም መኪናውም ይተርፋሉ። አሽከርካሪው እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ወንዙን የሚያውቀው ያገሬው ሰው ነው። ችካሉ ቀዩን ሲያሳይ «ዛሬ አይታለፍም» ብሎ ማስቆም መኪና ለቸገረው ወረዳ ትልቅ አገልግሎት ነው።