ወንዙ ቢጠራም ደለሉ ውስጥ ምን አለ?

የወንዝ ዳርቻ ሲለማ ቶሎ የሚለወጠው ለዓይን የሚታየው ነው። ቆሻሻው ይነሳል፣ ግንብ ይሠራል፣ ሣርና ዛፍ ይተከላል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ሲነሳ፣ የአዲስ አበባን የቆየ ጥያቄም አብሮ ቀስቅሷል፦ ለዓመታት ወንዞቹ ሥር የተከማቸው ብክለትስ?

ምንጩ ከየት ነው?

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራኒዮን ጨምሮ፣ የሚወርደው ውኃ መሰብሰቢያው ትንሹ አቃቂ ነው። የቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የፋብሪካ ዝቃጭ ሁሉ ወደዚያው ይሄዳል። ቆዳ ፋብሪካዎች ለማልፋት የሚጠቀሙበት ክሮሚየምም አለ። የሬፒ ቆሻሻ መጣያ፣ በተለምዶ ቆሼ፣ ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋን ጥራጊ ሲቀበል ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎችን የገደለው ይኸው ክምር፣ ሥሩ ላይ ፍሳሹን የሚያግድ ንጣፍ የለውም። ዝናብ ሲዘንብ ባትሪውን፣ ቀለሙንና ቆርቆሮውን አጥቦ ጥቁር ፍሳሽ ሆኖ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

ጭቃው ምን ይሠራል?

ከባድ ብረታ ብረት እንደ ምግብ ትራፊ አይበሰብስም። ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም በደቃቅ አፈርና በበሰበሰ ቅጠል ላይ ተጣብቀው፣ ውኃው በሚረጋበት ቦታ አብረው ይዘቅጣሉ። በወንዝ ልማት ረግረግ የሚወደደውም በዚሁ ነው፤ ፊላውና ቄጠማው ውኃውን ያዘገየዋል፣ ደለሉ ይቀራል፣ የሚያልፈው ውኃ ጠራ ይላል። ብረቱ ግን የትም አልሄደም፤ አየር በማይደርሰው ጥቁር ጭቃ ውስጥ፣ በተለይ እርሳሱና ካድሚየሙ ከሰልፈር ጋር ተጣምረው፣ ተቀምጧል። ጭቃው ሲቆፈር ወይም በበጋ ሲደርቅ አየር ያገኘውና ብረቱ ይለቀቃል። የክረምት ጎርፍም ጋን ሲነቃነቅ አተላው እንደሚነሳ ሁሉ ደለሉን አንስቶ ቁልቁል ይወስደዋል።

ማን ዘንድ ይደርሳል?

አንደኛው መንገድ ማሳ ነው። በወንዙ ውኃ የሚለማው ቆስጣና ሰላጣ ካድሚየምን ከአፈር በቀላሉ ይስባል። ተመራማሪው ፍሥሐ ኢታና በ1990ዎቹ አጋማሽ በከተማዋ በበቀሉ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ብረታ ብረትን ለክተው ስጋቱን አሳይተዋል። ሁለተኛው ትንሹና ትልቁ አቃቂ የሚገናኙበት አባ ሳሙኤል ነው፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኃይል ማመንጨት የጀመረው ግድብ ዛሬ የከተማዋ ደለል ማረፊያ ሆኗል።

ሌሎች ምን አደረጉ?

በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ 6 ሺህ ሄክታር ገደማ የጨው ማምረቻ ኩሬ ወደ ረግረግነት እንዲመለስ ሲታቀድ፣ ከድሮ ማዕድን ማውጫ የመጣ ሜርኩሪ ጭቃው ውስጥ ነበር። በረግረግ ያሉ ባክቴሪያዎች ሜርኩሪን ዓሣና ወፍ ውስጥ ወደሚከማች መርዝ ይለውጡታል። ስለዚህ ኩሬዎቹን በአንዴ አልከፈቱም፤ ደረጃ በደረጃ እየከፈቱ ዓሣውንና ወፉን ይመረምራሉ።

ትንሹ አቃቂም ቅደም ተከተል ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ምንጩ ይዘጋ፤ ፍሳሹ ሳይቆም የሚተከል ረግረግ መርዝ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ደለሉ ይመርመር፤ የሚወጣው ጭቃ የት እንደሚደፋም ይታወቅ፣ ለአትክልት ማሳ ማዳበሪያ እንዳይሆን። የልማቱ በጀትም ከምረቃው በኋላ በየዓመቱ ለሚደረግ የደለልና የአትክልት ምርመራ ድርሻ ሊኖረው ይገባል።